ቢኤስኤ ኤም 20 አልነሳ ሲል፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው

የእኔ ቢኤስኤ ኤም 20 አጎቴ ግቢ ውስጥ ቆርቆሮ ስር ብዙ ክረምት አሳልፏል። 496 ሲሲ፣ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ ቫልቮላዎቹ ከሲሊንደሩ ጎን የቆሙ፣ እንግሊዞች ለሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከ120 ሺህ በላይ የሠሩት ሞተር ሳይክል ነው። ባህር ዳር አምጥቼ ማደስ ከጀመርኩ ወዲህ እንደ ማስነሳቱ ያስቸገረኝ ነገር የለም። ኖርተን ወይም ማችለስ የሚባሉትን ሌሎች የእንግሊዝ ሞተር ሳይክሎች ያለውም ሰው ከዚህ ብዙውን ይጠቀምበታል፤ ልኮቹ ግን የኤም 20 መሆናቸውን ልብ በሉ።

ምንም ቡሎን ከመፍታታችሁ በፊት የማስነሻ መርገጫውን አምስት ስድስት ጊዜ ርገጡና ካንዴላውን፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ብልጭታ የሚሰጠውን፣ አውጥታችሁ እዩት። እርጥብ ነው ወይስ ደረቅ? መንገዱ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚፈታው ካርቡራቶሩን ነው። እኔም ሦስት ጊዜ ፈትቼ አጥቤዋለሁ፤ ጥፋቱ ግን የካንዴላውን እሳት የሚያመነጨው ማግኔቶ ጋ ነበር።

ስለ ቁልፍ አንድ ነገር ልበል። የዚህ ሞተር ዳዶዎች ሚሊሜትር አይደሉም፣ ዊትዎርዝ በሚባለው የድሮ እንግሊዝ ልክ የተሠሩ ናቸው። የሩብ ኢንች ዊትዎርዝ ብሎን ዳዶ ከጎን እስከ ጎን 13.3 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ 13 ቁልፍ አይገባም፣ 14 ደግሞ ይላላና ጠርዙን ይበላዋል። ትክክለኛው ቁልፍ እስኪገኝ ጠብቁ።

ካንዴላው እርጥብ ነው፣ እሳት ግን የለም

ባትሪ ለመግዛት አትሩጡ። እሳቱን የሚያመነጨው ማግኔቶው ራሱ ነው፤ ባትሪው ለመብራት ብቻ ነው፣ ባይኖርም ሞተሩ ይነሳል። ካንዴላውን ከገመዱ ጋር እንደተያያዘ የሲሊንደሩን ራስ አስነክታችሁ፣ ከካርቡራቶሩና ከፈሰሰ ቤንዚን ርቃችሁ፣ ጥላ ውስጥ ርገጡ። ጠጭ የሚል ወፍራም ሰማያዊ ብልጭታ ጤነኛ ነው። ቀጭንና ቢጫ ከሆነ ታሟል፤ ውጭ ላይ ቢታይም ሲሊንደሩ ውስጥ አየር ሲታመቅ ይጠፋል።

መጀመሪያ ካንዴላውን ለውጡ። ክፍተቱን ከ0.45 እስከ 0.5 ሚሊሜትር አድርጉት፤ ለዛሬ መኪና የሚበጀውን ሰፊ ክፍተት በእግር ፍጥነት የሚዞር ማግኔቶ አይዘለውም። ቀጥሎ የማግኔቶውን ክዳን ክፈቱና መገናኛ ነጥቦቹን፣ ፖይንት የምንላቸውን፣ ተመልከቱ። ሙሉ በሙሉ ሲከፈቱ 0.3 ሚሊሜትር ሊሆኑ ይገባል። በሐይቁ ዳር እርጥበት ክረምቱን ከርመው ከሆነ ፊታቸው ላይ ሽፋን ይይዛል። በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ጥረጉት፣ ከዚያ ቤንዚን በነካው ንጹህ ጨርቅ አጽዱ። የወረቀቱ ብናኝ እዚያው ከቀረ ራሱ ኤሌክትሪክ ያግዳልና ሁለተኛውን አትዝለሉ።

ሦስተኛው ብዙዎች የሚረሱት ነው። የካንዴላው ገመድ የገባበትን መያዣ ንቀሉ፤ ውስጡ ካርቦን ብሩሽና የሚሽከረከር ቀለበት አለ። ቀጭን እንጨት ላይ ጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ ቤንዚን አስነክታችሁ፣ ቀለበቱ ላይ ተጭናችሁ ሞተሩን ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ጥቁር ይወጣል። ጨርቁ ንጹህ ሆኖ እስኪወጣ ደጋግሙ፤ ያ ጥቁር ነገር የካርቦን ብናኝ ነው፣ እሳቱን ወደ ብረቱ ያፈሰዋል። የእኔ ሞተር ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ያሰማው ከዚህ ጽዳት በኋላ ነው።

ይህ ሁሉ ካልረዳ የሽቦው ጥቅል ወይም ኮንደንሰሩ፣ ኤሌክትሪክ ለቅጽበት የሚያጠራቅመው ክፍል፣ ነው፤ አርማቸሩ፣ ማግኔቶው ውስጥ የሚዞረው ክፍል፣ መውጣት አለበት። እዚህ ላይ እባካችሁ ተጠንቀቁ። አርማቸሩን ከመሳባችሁ በፊት ሦስት ነገሮች ከማግኔቶው አካል መውጣት አለባቸው፦ የገመዱ መያዣ፣ የመሬት ብሩሹና ከቀለበቱ ትይዩ የገባችው የመጠባበቂያ ብሎን። እኔ ያቺን ብሎን ሳላወጣ ሳብኩት፤ ቀለበቱ ተሰነጠቀ፤ ሌላ እስኪገኝ ወራት ሄዱ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ይነሳል፣ ሲሞቅ ይጠፋል

ሁለት ፈጽሞ የማይገናኙ መንስኤዎች አንድ መልክ ይዘው የሚመጡት እዚህ ነው። ወደ ቤዛዊት ዳገት ስወጣ ሞተሩ ቀጥ አለ። ሃያ ደቂቃ ያህል ተቀምጬ ዓባይን ስመለከት ቆየሁና አንድ ጊዜ ብረግጠው ተነሳ። በማግስቱ እዚያው አካባቢ ደገመው።

አንደኛው መንስኤ የነዳጅ ታንኩ ክዳን ነው። ክዳኑ ላይ አየር የሚያስገባ ትንሽ ቀዳዳ አለ፤ በቀለም ወይም በአቧራ ሲደፈን ቤንዚኑ በወረደ ቁጥር ታንኩ ውስጥ ያለው ግፊት እየቀነሰ ይሄድና መውረዱ ይቆማል። ሁለተኛው ኮንደንሰሩ ነው፤ ሲያረጅ ቀዝቃዛ እያለ ይሠራል፣ ሲሞቅ ይደክማል።

መለያው ቀላል ነው። ሞተሩ በጠፋበት ቅጽበት ክዳኑን ክፈቱ። ፍስስ የሚል ድምፅ ሰምታችሁ በትንሽ ጊዜ ውስጥ ከተነሳ ክዳኑ ነው፤ ቀዳዳውን በመርፌ ክፈቱ። ክዳኑ ተከፍቶም ካልተነሳ፣ እሳቱ በትኩሱ ከደከመ፣ ሲበርድ ብቻ ከተመለሰ ኮንደንሰሩን ጠርጥሩ። ሞተሩ እየሠራ መገናኛ ነጥቦቹ መሃል ደማቅ ብልጭታ ሳያቋርጥ ከታየ ጥርጣሬው ይጠነክራል። የእኔ ሞተር ጥፋት ኮንደንሰሩ ነበር። የሚቀመጠው አርማቸሩ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ከላይ ያልኩትን ማስጠንቀቂያ ደግማችሁ አንብቡ።

እሳት አለ፣ ካንዴላው ግን ጥቁርና እርጥብ ነው

ሞተሩ ቤንዚን በዝቶበታል። እኛ ጋ ይህ የሚበዛበት የራሱ ምክንያት አለው። ፋብሪካው በርሚንግሃም ነበር፤ የጣና ዳርቻ ግን ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፣ የአየሩም ግፊት ከባሕር ዳርቻው አምስት እጅ አራቱ ያህል ነው። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ በዚያው ልክ ስለማይቀንስ ድብልቁ ይወፍራል።

ስለዚህ በአማል ካርቡራቶሩ ላይ ያለችውን፣ ለማስነሳት ቤንዚን የምትጨምረውን መጫኛ፣ ቤንዚን እስኪፈስ አትጫኑ፤ ጠዋት አንድ ሁለት ጊዜ ነካ ማድረግ ይበቃል፣ ሞተሩ ሙቅ ከሆነ ጨርሶ አትንኳት። ሞተሩ አንዴ በቤንዚን ከሰመጠ ቤንዚኑን ዝጉ፣ ጋዙንም የአየር ማንሻውንም ሙሉ ክፈቱ፣ የጭስ ማውጫውን ቫልቮላ ከፍቶ የሚይዘውን የቫልቮላ ማንሻ ይዛችሁ ስምንት ጊዜ ያህል ርገጡ፣ ካንዴላውን አድርቃችሁ እንደገና ሞክሩ። ለዘለቄታው የዝግታ አየር ብሎኗን በሩብ ዙር ወደ ውጭ አላሉ። ዋናውን ጂግለር፣ ቤንዚን የሚያልፍበትን ባለ ቀዳዳ ብሎን፣ እኔ ከቁጥር 170 ወደ 160 አውርጃለሁ፤ ይህ ግን ለጉዞው እንጂ ለማስነሳቱ አይደለም።

ሞተሩ ቆሞ እያለ ቤንዚን የሚንጠባጠብ ከሆነ ጋላጃንቴውን፣ ካርቡራቶሩ ውስጥ ቤንዚን ላይ የሚንሳፈፈውን፣ አውጥታችሁ ጆሯችሁ አጠገብ ነቅንቁት። ውስጡ ፈሳሽ ከተሰማ ተቀድዷል። ሙቅ ውሃ ውስጥ ስትነክሩት አረፋ የሚወጣበት ቦታ ቀዳዳው ነው። ቤንዚኑ ጨርሶ ወጥቶ ሳይደርቅ አታስበይዱት፤ ይፈነዳል።

ካንዴላው ደረቅ ነው

ቤንዚን አልደረሰም። የካርቡራቶሩን ቱቦ ነቅላችሁ የነዳጅ ታንኩን ቧንቧ ክፈቱ፤ በደንብ ካልወረደ የታንክ ዝገት ነው። የድሮው ቧንቧ ማሸጊያው ቡሽ ነው፣ ሲደርቅ ያንጠባጥባል፤ ቤንዚን ውስጥ ስታሳድሩት ያብጣል። ጂግለሩን በአየር ንፉት እንጂ በሽቦ አትውጉት፣ ቀዳዳው ይሰፋል።

መርገጫው ቀለለ

መርገጫውን በዝግታ ስትጫኑት የሚገታችሁ ኃይል ከሌለ ቫልቮላ ለማስሞረድ አትቸኩሉ። መጀመሪያ የቫልቮላ ማንሻውን ገመድ እዩ። እጅግ ከተወጠረ የጭስ ማውጫውን ቫልቮላ በጥቂቱ ከፍቶ ይይዛል፤ ማንሻው ጥቂት መላላት አለበት። ከዚያ ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ የቫልቮላውን ክፍተት ለኩ፦ የመግቢያው 0.25፣ የመውጫው 0.3 ሚሊሜትር። መርገጫው ወርዶ ሞተሩ ጨርሶ ካልዞረ ደግሞ ፍሪሲዮኑ (ክላቹ) እየተንሸራተተ ነው፣ ገመዱን አላሉ።

መልሶ እግር ይመታል

እሳቱ ቀድሟል። እጀታው ላይ ያለውን የእሳት ማዘግያ ማንሻ ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ አዘግዩ። እስከ መጨረሻው አትውሰዱት፤ ማግኔቶው እዚያ ላይ ኃይሉ ይቀንሳል። ያም ሆኖ ከመታ ቅንብሩን ፈትሹ፦ ማንሻው ሙሉ ወደ ማስቀደም ተደርጎ፣ ፒስተኑ ከላይኛው ጫፍ 11 ሚሊሜትር ሲቀረው፣ መገናኛ ነጥቦቹ መሃል የያዛችሁት ስስ ወረቀት መለቀቅ መጀመር አለበት።

ለሳምንታት ከቆመ በኋላ

መርገጫው ይከብዳል፣ ሲነሳም ሰማያዊ ጭስ ግቢውን ይሞላዋል። የዘይት ታንኩ ዘይት በፓምፑ ውስጥ ሾልኮ ወደ ሞተሩ ሆድ ወርዷል ማለት ነው። ክረምት ላይ ያቆመ ሰው መስከረም ላይ ይህን ማግኘቱ አይቀርም። በጉልበት አትርገጡት። ከስር ያለውን መዝጊያ ፈትታችሁ ዘይቱን በሳህን ተቀበሉ፣ ታንኩን እስከ ልኩ ሙሉ፣ ካንዴላውን አጽዱ። ከተነሳ በኋላ የታንኩን ክዳን ከፍታችሁ በመመለሻው ቱቦ ዘይት ሲመለስ ሳታዩ ከግቢ አትውጡ።