ለፍቅረኛ ዘፈን መርጦ ስለ መላክና አብሮ ስለ መስማት

ከፍቅረኛ ጋር ዘፈን መለዋወጥ የሚሠምረው ቁጥሩ ሲያንስ ነው። በካሴት ዘመን ለሚወዳት ልጅ ዘፈን የሚያስቀዳ ወጣት ፒያሳ ከነበሩት ሙዚቃ ቤቶች ወደ አንዱ ገብቶ፣ በባለ 60 ደቂቃ ካሴት ላይ የትኛው እንደሚገባና የትኛው እንደሚቀር አስቦ ስለሚወስን፣ ተቀባይዋም እያንዳንዱ ዘፈን ታስቦበት እንደ ተመረጠ ታውቅ ነበር። ዛሬ በቴሌግራም ሃያ ዘፈን በአንድ ጊዜ ማጋራት ስለሚቻል አብዛኛው ሳይከፈት ይቀራል። ስለዚህ አንድ ብቻ ይላኩ፤ ከሥሩም ለምን እንደ መረጡት ይጻፉ። «አሪፍ ነው፣ ስሚው» ማለት ምክንያት አይሆንም፤ «መሀል ላይ ሳክስፎኑ ሲገባ ያን ቀን ከአራት ኪሎ በእግር የወረድነው ትዝ አለኝ» የሚለው ግን መልስ ያስጽፋል።

ከመላክዎ በፊት የሚወዱት ሰው ምን እንደሚሰማና ምን እንደማይሰማ ይወቁ። ብዙ የኦርቶዶክስ ምእመናን በዐቢይ ጾም ዘፈን ይተዋሉ፤ በፕሮቴስታንት ቤተሰብ ካደጉት ብዙዎቹ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ከመዝሙር ሌላ አይሰሙም። በሁዳዴ የጭፈራ ዘፈን መላክ ለእንዲህ ያለው ሰው እምነቱን እንደ መናቅ ሊሆንበት ይችላል። በ2015 ዓ.ም. ያረፉት የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ የፒያኖ ሥራዎች ለሁለቱም ወገን ብዙ ጊዜ ይስማማሉ፤ እኔ ከጾምም ውጭ እመርጣቸዋለሁ።

ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው ግጥሙ ነው። የአማርኛ ዘፈን ሰምና ወርቅ ስለሚወድ ላይ ላዩን ዓይንና ጥርስ እያሞገሰ ውስጡ ከዳተኛን ሊወቅስ ይችላል፤ ወቀሳውም መጨረሻው ላይ ብቻ ሊገለጥ ይችላል፤ እስከ ዳር ያልሰሙትን ዘፈን አይላኩ። ትዝታ ደግሞ ለብቻው ሊታሰብበት ይገባል። ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች (የዜማ ስልቶች) አንዱ ሲሆን፣ በዚያው ስም የሚዘፈነው ዘፈን ያለፈ ፍቅርን የሚያነሣ ነው። ገና በተዋወቃችሁ በወሩ እንዲህ ያለውን ዘፈን ቢልኩ «ማንን አስታውሶ ነው?» የሚል ጥያቄ ቢመጣ ሊገርምዎ አይገባም። በትዝታ ቅኝት የተሠራ ሁሉ ግን የናፍቆት ዘፈን ስላልሆነ፣ ቅኝቱን ሳይሆን ቃሉን አይተው ይምረጡ።

አብሮ ለመስማት ካፌ አይመችም፤ ታክሲ ውስጥም ዘፈን መራጩ ሾፌሩ ነው። አንድ ጆሮ ማዳመጫ ለሁለት መካፈል የተለመደ መፍትሔ ቢሆንም፣ በስቴሪዮ የተቀዳ ሥራ ግራና ቀኙ የተለያየ ስለሆነ አንዳችሁ ድምፃዊውን፣ ሌላችሁ ጊታሩን ብቻ አጉልታችሁ ልትሰሙ ትችላላችሁ። የስልክዎ ማስተካከያ (ሴቲንግ) ውስጥ ገብተው ድምፁን ወደ ሞኖ ቢቀይሩት ሁለታችሁም አንድ ዓይነት ነገር ትሰማላችሁ። ዘፈኑ ሳያልቅ አያቋርጡ፤ «ይሄን ስሚ፣ እዚህ ጋ» እያሉ ማብራራትም አድካሚ ነው። ካለቀ በኋላ ተራውን ይስጡና የእሷን ወይም የእሱን ምርጫ፣ ባይወዱት እንኳ፣ እስከ መጨረሻው ይስሙ።

ቀጥታ ሙዚቃ ለመስማት በመሀል ከተማ የቀሩት አዝማሪ ቤቶች ይሻላሉ። እዚያ እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ሲሰጥ አዝማሪው ተቀብሎ በማሲንቆው ያዜመዋል። ሁለት ስንኝ ቤትዎ አዘጋጅተው ይሂዱ፤ ቤት የሚመታና አጭር ይሁን፣ ረጅሙን አዝማሪው ራሱ ይቆርጠዋል። ለሽልማት የሚሆን ዝርዝር ብርም ይያዙ። ፍቅረኛዎ በሰው ፊት መወደስ የማይወድ ከሆነ ግን ስሙን አይንገሩ፤ አዝማሪ አንዴ ስም ከያዘ ቶሎ አይለቅም።