ፓሪስ እየተማሩ ፎንቴንብሎ ቋጥኝ ለመውጣት እንዴት መዘጋጀት ይቻላል

ፓሪስ ለትምህርት የሄደ ተማሪ ቋጥኝ መውጣት ቢያምረው ሩቅ መጓዝ አይጠበቅበትም። ከከተማዋ በስተደቡብ ምሥራቅ ያለው የፎንቴንብሎ ጫካ በአሸዋ ድንጋይ ቋጥኞች የተሞላ ነው። አብዛኞቹ አጫጭር ስለሆኑ ያለ ገመድ ይወጣሉ፤ ይህ ዓይነቱ ስፖርት ቡልደሪንግ ይባላል። ወጪው ተማሪን አያስጨንቅም። የሚያስቸግረው ቀን መቁረጥ ነው፤ ምክንያቱን ከታች ታገኙታላችሁ።

1. መጀመሪያ አዳራሽ ውስጥ ተለማመዱ

በፈረንሳይ ዩኒቨርሲቲ ስትመዘገቡ «ሴቬክ» ተብሎ የምትከፍሉት 100 ዩሮ ገደማ የሆነ ገንዘብ ከፊሉ ለስፖርት ይውላል። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲያችሁን የስፖርት ክፍል ጠይቁ፤ ብዙ ቦታ «ሱአፕስ» ይሉታል። የመውጣት ስልጠና ካለ ትምህርት እንደተጀመረ ተመዝገቡ፣ ቦታው ቶሎ ይሞላል። እዚያ በቅድሚያ መማር ያለባችሁ አወዳደቅ ነው፦ በሁለት እግር ማረፍ፣ ጉልበትን ማጠፍ፣ ወደ ኋላ መንከባለል። እጅን ወደ ኋላ ዘርግቶ መሬት መደገፍ አንጓ ይሰብራል። የጉዞ ጓደኞችም የሚገኙት እዚያው ነው፤ ብቻችሁን አትሂዱ።

2. ዕቃ

የመውጫ ጫማ፣ የእጅን ላብ የሚያደርቅ የማግኒዥየም ዱቄት፣ ለስላሳ ብሩሽና መውደቂያ ፍራሽ (ክራሽ ፓድ) ይበቃሉ። ፍራሹ ውድ ስለሆነ በጋራ ተከራዩት። ጀማሪ ጣቱን የሚያጣምም ጠባብ ጫማ ይግዛ የሚሉ አሉ፤ አትስሟቸው። አንድ አሮጌ ጨርቅ ግን አትርሱ፤ በጫማ ሥር የተጣበቀ አሸዋ ድንጋዩን እንደ ሞረድ ይበላዋል። እግራችሁን ጠርጋችሁ ውጡ። ለስንቅ ቆሎ የሚያህል የለም።

3. ቀን

የፎንቴንብሎ ድንጋይ ላዩ ጠንካራ፣ ውስጡ ግን ለስላሳ ነው። ዝናብ ሲጠጣ ይደክማል፤ ለዓመታት ሰው የያዘው ጠርዝ በአንድ ጉተታ ይነሳል፣ መልሶም አይበቅልም። ስለዚህ እርጥብ ድንጋይ ላይ መውጣት ነውር ነው፣ አደገኛም ነው። በፈረንሳይ ሞቃት በጋ በፀሐይና በነፋስ ቶሎ ይደርቃል፤ በብርዱ ክረምት ግን ብዙ ቀን ሊፈጅ ይችላል። ላዩ የደረቀ ቢመስልም ከሥሩ ያለውን አሸዋ ዳስሱ፤ እርጥብ ከሆነ ተጠራጠሩ።

እንግዲህ «ቅዳሜ እንሄዳለን» ብሎ ከወር በፊት መቁረጥ አያዋጣም። ሁለት ሦስት ክፍት ቀን ይዛችሁ በዋዜማው ወስኑ። ከዘነበ ቤተ መጽሐፍት ግቡ፣ ወይም ፎንቴንብሎ ከተማ ያለውን ቤተ መንግሥት ጎብኙ። ከሞቃት አገር የመጣን ሰዎች ፀሐይ እንጠብቃለን፤ ድንጋዩ ግን እጅና ጫማ ይበልጥ የሚይዘው በደረቅ ብርድ ነው።

4. ባቡር

ከጋር ደ ሊዮን ጣቢያ «ኤር» የተባለውን መስመር ያዙ። ኢማጂን ኤር የተባለው የተማሪ ካርድ ካላችሁ እስከ ጫካው ድረስ ያስኬዳችኋል፣ ተጨማሪ ትኬት አያስፈልግም። መስመሩ ሜለን ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ በኤሪሲ በኩል የሚያልፈው ወደ ሌላ አቅጣጫ ይወስዳችኋል። ቧ ለ ርዋ ጣቢያ ብትወርዱ ሮሼ ካኖን ወደተባለው የቋጥኞች ቦታ በእግር ትደርሳላችሁ። የመመለሻ ባቡር ሰዓት አስቀድማችሁ እዩ።

5. ድንጋዩ ሥር

ቋጥኞቹ ላይ በቀለም የተጻፉ ቁጥሮችና ቀስቶች ታያላችሁ። ከአንዱ ቁጥር ወደ ሌላው የሚያስኬዱ «ሰርክዊ» የሚባሉ መንገዶች ናቸው፤ የመጀመሪያው የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። ቢጫ ቀላል ነው፤ ብርቱካናማ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ጥቁር እያለ ይከብዳል። ነጭ አብዛኛውን ጊዜ የልጆች ነው። አዳራሽ ውስጥ ጎበዝ የነበራችሁም በቢጫ ወይም በብርቱካናማ ጀምሩ። እዚህ የሚጨበጥ ነገር ጥቂት ነው፤ ድንጋዩ ክብ ነው፣ ሥራው የእግር ነው። ስምንት ዓመት የማይሞላው የአካባቢው ልጅ ጎናችሁ ሲያልፋችሁ አትደንግጡ።

ከመውጣታችሁ በፊት ቋጥኙን ዙሩና መውረጃውን ፈልጉ። ወጥቶ መውረድ ያቃተው ሰው ብዙ ነው። ከታች የሚጠብቀው ጓደኛ የሚወድቀውን ሰው አቅፎ ለመያዝ አይሞክር፤ ጭንቅላቱና ጀርባው ፍራሹ ላይ እንዲያርፉ በወገቡ በኩል ይምራው። ስትጨርሱ የማግኒዥየሙን ነጭ ምልክት በብሩሽ አጽዱ።

በጫካው እሳት ማንደድ ክልክል ነው። በመኸርና በክረምት «ሻስ አን ኩር» የሚል ሰሌዳ ካያችሁ አደን አለ ማለት ነው፣ ሌላ ቦታ ሂዱ። ለአደጋ 112 ይደወላል።

ቤት ስትገቡ ገላችሁን ለመዥገር ፈትሹ፤ ከጉልበት ጀርባና ብብት ሥር ይደበቃል። ከተጣበቀ በወረንጦ ቆዳው ሥር ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ንቀሉት። በቀጣዮቹ ሳምንታት እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ክብ ከወጣባችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፣ የት እንደነበራችሁም ንገሩት።