ቋሚ ስፒከር ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ሜትር ያዙ

ሰሞኑን ሦስት ሰው «የትኛውን ቋሚ ስፒከር ልግዛ?» ብሎ ስለጠየቀኝ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። ሦስቱም ቤት ደህና አምፕሊፋየር አለ፣ መደርደሪያ ላይ የምትቀመጥ ትንሽ ስፒከርም አለቻቸው፣ አሁን ደሞ ደረት ድረስ የሚደርሰውን መሬት ላይ የሚቆመውን ትልቁን ማስገባት አምሯቸዋል። አልፈርድባቸውም፣ በሽታው እኔም ጋ አለ። ግን ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ ከውጭ የሚገባ እቃ ዋጋው የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ፣ ድሮ ተሳስቶ መግዛት ያናድድ ነበር አሁን ያሳምማል።

እኔ የተሳሳትኩትን ልንገራችሁ። አራት ኪሎ አካባቢ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፣ ሳሎኔ 3.5 በ4.5 ሜትር ነው። አንድ ቀን የሆነ ሱቅ ገባሁና እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ባለ 8 ኢንች ዉፈር (ቤዙን የሚያወጣው ትልቁ ክብ) ያላቸው ጥንድ ስፒከሮች ከፈቱልኝ፣ ሱቁ አዳራሽ ነው የሚያክለው ጣሪያውም ከፍ ያለ ነው፣ ድምፁ ልቤን ሰረቀው፣ ከፈልኩ፣ በሁለት ልጅ አራተኛ ፎቅ በደረጃ አሸከምኩ፣ ቤት ስከፍተው ቤዙ ጎርፍ ሆነ። ዘፋኙ ከብርድ ልብስ ስር የሚዘፍን ነው የሚመስለው። ከስር ያሉት እማማ በማግስቱ ደረጃ ላይ አግኝተውኝ «ልጄ ትናንት ምን እየፈለጣችሁ ነበር?» አሉኝ።

ጥፋቱ የስፒከሩ አልነበረም፣ የሳሎኔ ነው። ሁለት ትይዩ ግድግዳ መሀል ድምፅ እየተመላለሰ አንዳንዱን ቤዝ ያሳብጠዋል አንዳንዱን ደሞ ይውጠዋል፣ የትኛውን እንደሚያሳብጥ ለማወቅ 343ን (የድምፅ ፍጥነት ነው፣ በሰከንድ በሜትር) በሳሎናችሁ ስፋት (በሜትር) እጥፍ አካፍሉ። የኔ 343 ለ7፣ 49 ኸርዝ (በሰከንድ 49 ንዝረት) ይመጣል። 49 ኸርዝ ማለት ደሞ የቤዝ ጊታር ወፍራሟ ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ ስትያዝ የምታወጣው ሶል ናት። በቃ ቤዚስቱ ሶል በነካ ቁጥር እማማ ትራሳቸው ላይ ይሰማቸዋል። በርዝመቱ፣ በ4.5 ሜትሩ በኩል ደሞ 38 ኸርዝ ነው። ትንሽ ስፒከር እዛ ድረስ ስለማይወርድ ችግሩ ተኝቶ ነበር፣ ትልቁን ሳስገባ ቀሰቀስኩት።

ስለዚ መጀመሪያ ሜትር ያዙና ሳሎናችሁን ለኩ። ሳሎኑ 15፣ 16 ካሬ ምናምን ከሆነ ቀጠን ያለ፣ ሁለት ባለ 5 ወይም ባለ 6.5 ኢንች ዉፈር ያለው ይበቃችኋል፣ ባለ 8ቱ 25 ካሬና ከዛ በላይ ላለው ሰው ነው፣ ይሄ የኔ አስተያየት ነው የሚከራከር ይከራከር። ሌላው ደሞ ከኋላው ቀዳዳ ያለው ስፒከር ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ቤዙ ይብሳል፣ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ፈቀቅ የምታደርጉበት ቦታ ከሌላችሁ ቀዳዳው ከፊት ወይም ከስር የሆነውን ፈልጉ። አንዳንድ ፋብሪካ ለቀዳዳው መድፈኛ ስፖንጅ አብሮ ይልካል። የኔ አልነበረውም፣ ጥቅልል ካልሲ ከተትኩበት፣ ሰርቷል፣ አትሳቁ።

አሁን ወደ አምፕሊፋየር። ካርቶን ላይ የተጻፈውን ዋት እርሱት፣ በተለይ ፒኤምፒኦ ብሎ 3000፣ 5000 የሚለውን፣ እሱ ምንም መለኪያ የሌለው ዝም ብሎ የተጻፈ ቁጥር ነው። ማየት ያለባችሁ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ሴንሲቲቪቲ የሚሉት፣ በዴሲቤል የሚጻፈው፣ ስፒከሩ ትንሽ ኃይል ተሰጥቶት አንድ ሜትር ላይ ምን ያህል እንደሚጮህ የሚናገር። እያንዳንዱ 3 ዴሲቤል የዋቱ እጥፍ ነው፣ 10 ዴሲቤል ደሞ አስር እጥፍ። ክሊፕሽ የሚባለው ፋብሪካ ቀንዱን (ሆርን የሚሉትን) ስለሚጠቀም የሪፈረንስ ፕሪሚየር ቋሚዎቹን ከ95 በላይ ነው የሚጽፍላቸው፣ ዳይናውዲዮ ደሞ ብዙ ጊዜ ወደ 87 ገደማ ነው። የክሊፕሽ ቁጥር ትንሽ የተጋነነ ነው ብንል እንኳ ልዩነቱ ብዙ ነው፣ አንዱን በ20 ዋት የምታስጮሁትን ሌላውን ለማስጮህ መቶ ምናምን ዋት ልትፈልጉ ነው። አንድ ደሞ ማንም የማይነግራችሁ ነገር አለ፣ አዲስ አበባ ከባህር ወለል 2300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ ስፒከሩ የሚገፋው አየር ሲሳሳ ድምፁም ወደ 2 ዴሲቤል ይቀንሳል። ብዙ አይደለም ግን አምፕሊፋየራችሁ ድሮም አፋፍ ላይ ከሆነ ይታወቃል።

ሁለተኛው ኦም ነው፣ ስፒከሩ ኤሌክትሪኩን ምን ያህል እንደሚቋቋም የሚለካበት። 8 ኦም ተብሎ የተጻፈ ስፒከር ቤዙ ጋ ሲደርስ 3 ምናምን ድረስ ሊወርድ ይችላል፣ ሚኒመም የሚለውን መስመር ፈልጋችሁ አንብቡ። ኦሙ ሲወርድ አምፕሊፋየሩ ብዙ ከረንት እንዲሰጥ ይገደዳል፣ ደካማ ከሆነ ይግላል፣ ወይ ራሱን ያጠፋል፣ ወይ ደሞ ድምፁን እየቆረጠ ያወጣና ትዊተሩን (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣውን ትንሹን) ያቃጥልባችኋል። ሰው ትልቅ አምፕሊፋየር ነው ስፒከር የሚያቃጥለው ይላል፣ እኔ ያየሁት ግን አብዛኛው ትንሹ ከአቅሙ በላይ ሲከፈት ነው።

ከአሜሪካ ዘመድ ሊያመጣላችሁ ከሆነ ስፒከሩ ራሱ ሶኬት ላይ የማይሰካ እስከሆነ ድረስ የ110 የ220 ጣጣ የለበትም፣ ጣጣው አምፕሊፋየሩ ላይ ነው፣ ለአሜሪካ 120 ቮልት ብቻ የተሰራውን እዚህ 220 ላይ የሰካ ሰው ጭሱን አይቷል (እኔ ነኝ)። ክብደቱንም አስቡት፣ ደህና ቋሚ ስፒከር አንዱ ብቻ ከ25 ኪሎ በላይ የሚመዝን ብዙ ነው፣ 23 ኪሎ ሻንጣ ውስጥ አይገባም፣ ስለዚ ካርጎና ቀረጥ ዋጋው ላይ ደምራችሁ ነው «ርካሽ ነው» ማለት ያለባችሁ።

ጠባዩን በተመለከተ፣ ኬፍ ትዊተሩን ሚድሬንጁ (መካከለኛውን ድምፅ የሚያወጣው) መሀል ላይ ነው የሚያስቀምጠው፣ ዩኒኪው ይሉታል፣ ከ1988 ጀምሮ ያለ ነገር ነው፣ ጥቅሙ ሶፋው ላይ አራት ሰው ቢቀመጥ ለአራቱም ተቀራራቢ ድምፅ ይደርሳል፣ እንግዳ ለሚበዛበት ቤት እኔ እሱን ነው የምመርጠው። ክሊፕሽ ቁልጭ ያለ ነው፣ ወለሉ ሴራሚክ ግድግዳው ብሎኬት በሆነ ባዶ ሳሎን ግን ጆሮ ይበሳል። ፎካልና ቢ ኤንድ ደብሊው ዝርዝሩን ያወጡታል፣ መጥፎ የተቀዳ ዘፈንም ያጋልጣሉ፣ የድሮ ካሴት ወደ ዲጂታል ተገልብጦ የሚሰማ ሰው ይሄን አስቦ ይግባ።

ልትሰሙ ስትሄዱ የሱቁን ማሳያ ሙዚቃ እምቢ በሉ። ሁሌም አንድ የተመረጠ፣ በማንኛውም ስፒከር የሚያምር ነገር ነው የሚከፍቱላችሁ። የራሳችሁን በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፣ ከዩቲዩብ የወረደ ሳይሆን ጥራት ያለውን። እኔ ሁሌ የምይዘው በገና ነው። የበገናን እዝ እዝ የሚል ንዝረት ከክሩ ስር የሚገባው ትንሽ ቆዳ፣ እንዚራው ነው የሚያመጣው፣ ጥሩ ስፒከር ላይ ወፍራሙ ድምፅና ንዝረቱ ለየብቻ ይሰማሉ፣ መጥፎው ላይ ተደባልቀው የተቀደደ ስፒከር ይመስላል። በሁዳዴ ቤት ውስጥ ስትሰሙት ስለኖራችሁ ጆሯችሁ አይሸወድም። ቀጥሎ ከበሮ፣ ሲመታ ድም ብሎ ያቆማል ወይስ ድምምም እያለ ይጎተታል? ከዛ የምታውቁት ሰው ድምፅ፣ ዘፋኝ ባይሆንም ችግር የለውም። ሁለት ስፒከር ስታወዳድሩ ድምፃቸውን እኩል አድርጉ፣ ስልክ ላይ ዴሲቤል የሚለካ አፕ አለ፣ ምክንያቱም በትንሹም ቢሆን ከፍ ያለው ሁሌ የተሻለ ይመስላል፣ ሻጮቹም ያውቁታል። ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ፣ መጀመሪያ ደስ ያለ ጥርት ያለ ድምፅ ሀያኛው ደቂቃ ላይ ራስ ምታት ሊሆን ይችላል።

ያገለገለ ከሆነ የዉፈሩን ዙሪያ በጣት በቀስታ ንኩት፣ ስፖንጅ ከሆነና ከተፈረፈረ በቃ አልቋል፣ ጎማ ከሆነ ብዙ ይቆያል። ሾጣጣውን በእኩል ጫና ትንሽ ገፋ አድርጋችሁ ልቀቁት፣ ከውስጥ ከፈገፈገ ኮይሉ (ውስጥ ያለው የሽቦ ጥቅልል) ተነክቷል። ትዊተሩ ላይ ጆሮ አስጠግታችሁ ሁለቱም እንደሚሰሩ አረጋግጡ፣ የልጅ ጣት ወደ ውስጥ የደፈጠጠው ትዊተር መአት ነው። ጨርቁንም አውልቁት፣ የማያስወልቅ ሻጭ የሚደብቀው ነገር አለ።

ገመዱን በተመለከተ ብዙ አልልም፣ 2.5 ካሬ መዳብ፣ አለቀ። ቀይን ከቀይ ጥቁርን ከጥቁር ብቻ፣ አንዱ ከተገለበጠ ቤዙ ይጠፋል ዘፋኙም የት እንዳለ አይታወቅም። ለመብራቱ መዋዠቅ ስታቢላይዘር ለአምፕሊፋየሩ ግዙ።

አቀማመጥ ላይ ሁለቱ ስፒከሮች መሀል ያለው ርቀትና ከነሱ እስከናንተ ያለው ተቀራራቢ ይሁን፣ ትንሽ ወደናንተ አዙሯቸው። ወፍራም ምንጣፍ ፊታቸው፣ ከባድ መጋረጃ መስኮቱ ላይ። እኔ ይሄን ሁሉ ካደረግኩ በኋላ ሶፋውን ከጀርባው ግድግዳ 60 ሳንቲ ሜትር ስስበው ነው ያ ጎርፍ የቀነሰው፣ እማማም ከዛ ወዲህ ምንም አላሉም፣ ለቡና ሲመጡ ብቻ «ይሄ ቁም ሳጥን ለምን ሁለት ሆነ» ይሉኛል።

በመጨረሻ ከስር የሚታሰረው ሹል ብረት ሴራሚኩን ይቦረቡራል፣ የብረት ማረፊያ አለ ብለው በውድ ይሸጡላችኋል። ባለ 1 ብር ሳንቲም አድርጉበት። ለአንዱ አራት፣ ለሁለቱ 8 ብር።