ከአናፖሊስ ወደ ሮድ ሪቨር፦ በሸራ ጀልባ የአንድ ቀን ጉዞ

ዲሲና ሜሪላንድ ለምትኖሩ ቼሳፒክ ቤይ ቅርባችሁ ነው። ከአናፖሊስ ወደብ እስከ ሮድ ሪቨር ወንዝ 10 ናቲካል ማይል (18.5 ኪሎ ሜትር) ገደማ ነው፤ ደህና ነፋስ ካለ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይወስዳል። ልምድ ከሌላችሁ ጀልባውን ከነካፒቴኑ ተከራዩ።

ጠዋት በጊዜ ውጡ። ጁላይና ኦገስት ላይ ከሰዓት በኋላ ድንገት ነጎድጓድ ይመጣል፣ ስለዚህ ሳትነሱ የአየር ትንበያውን እዩ፣ ሬዲዮውም የአደጋ ጥሪ በሚተላለፍበት ቻናል 16 ላይ ይሁን። ነፋሱ ከ15 ኖት (በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ገደማ) የሚያልፍ ከመሰላችሁ ሸራውን ገና ከወደብ ሳትርቁ ቀንሱት። ላይፍ ጃኬት ለልጆች ብቻ አይደለም፣ ሁሉም ይልበስ።

አናፖሊስ ካለችበት ከሰቨርን ወንዝ ወጥታችሁ ወደ ደቡብ ስትታጠፉ በ1875 የተሠራው የቶማስ ፖይንት መብራት ቤት ይታያችኋል፤ ውሃው ውስጥ በብረት እግሮች የቆመ፣ ባለ ስድስት ጎን ነጭ ቤት ነው፣ በጣም ያምራል። በእሱና በየብሱ መካከል ያለው ውሃ ግን ጥልቀት የለውም፤ መንገድ ለማሳጠር ብላችሁ እንዳትገቡበት፣ በምሥራቅ በኩል ዙሩት። የሸርጣን ወጥመድ ያለበትን የሚያሳዩ ተንሳፋፊ ኳሶች በየቦታው አሉ። ገመዳቸው የሞተሩ መዘውር (ፕሮፔለር) ላይ ከተጠመጠመ ጉዞው እዚያው ቆመ ማለት ነው።

ሮድ ሪቨር ውስጥ ከዳርቻው ብዙው የስሚዝሶኒያን የምርምር ማዕከል ይዞታ ስለሆነ ቤት የሌለበት ጫካ ነው። ጸጥ ያለ ጥግ ምረጡና ዋናውን ሥራ በጥሞና ሥሩ፤ መልህቅ መጣል ማለቴ ነው። አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አዙራችሁ ጀልባዋ ቆም ስትል መልህቁን ቀስ አድርጋችሁ አውርዱ እንጂ አትወርውሩት። ከዚያ ነፋሱ ወደ ኋላ ሲገፋችሁ ገመዱን ልቀቁ። ስንት? የውሃው ጥልቀት 3 ሜትር፣ የጀልባዋ አፍንጫ ከውሃው በላይ 1 ሜትር ከሆነ፣ ሁለቱን ደምራችሁ ሰባት እጥፍ ልቀቁ፤ 4 በ7 ተባዝቶ 28 ሜትር። ብዙ ሰው ገመድ ይሰስታል፣ መልህቅ የሚንሸራተተውም አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው። ሞተሩን በቀስታ ወደ ኋላ አስኪዱና መልህቁ ጭቃውን መንከሱን አረጋግጡ፣ ዳር ያሉ ሁለት ዛፎችን አመሳክራችሁም ጀልባዋ ቦታዋን አለመልቀቋን እዩ። ነፋስ ሲዞር እናንተም ስለምትዞሩ ከሌላ ጀልባ ራቁ።

ምሳችሁን አሁን ብሉ፤ ፍርፍር በክዳን ዕቃ ይዞ መምጣት ይመቻል፣ መንገድ ላይ ግን ጀልባዋ ስለምታዘነብል ቆሎ ይበቃል። መዋኘት ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ውሃውን አስተውሉ፣ በጁላይና ኦገስት የሚናደፍ ጄሊፊሽ ይበዛል።

ለመመለስ የሦስት ሰዓት ጊዜ ያዙ። መልህቁ ጥቁር ጭቃ ይዞ ስለሚወጣ፣ ሳታስገቡት በባልዲ ውሃ እጠቡት።