ባለቤቴ ስንት ቤት ይቆጥራል?

"እስኪ ሰባት ቤት ቁጠር" ስለው ባለቤቴ ሦስተኛው ላይ ቆመ። የቦስተን ልጅ ነው። የሚያውቀው "ከኮርክ ነው የመጣነው" የሚለውን ብቻ፤ ኮርክ ያለችው አየርላንድ ውስጥ ነው። ፍለጋውን የጀመርኩት እኔ ነኝ።

ዘልዬ አየርላንድ ገባሁና ተሳሳትኩ። ኮርክ ውስጥ ጆን ሱሊቫን የሚባል አያት መፈለግ መርካቶ መሀል "ከበደ!" ብሎ እንደ መጣራት ነው። አንድ ወር ሙሉ የሰው አያት ስከተል ከረምኩ። እናንተ ከአሜሪካ ጀምሩ፦ የሞት ምዝገባ፣ የቤተ ክርስቲያን ጋብቻ መዝገብ፣ የመቃብር ድንጋይ። የምትፈልጉት የሰበካውን ስም ነው። ታውንላንዱ፣ ማለትም እንደኛ ጎጥ ያለችው ትንሿ ቦታ ከተገኘችማ እሰየው! የእኛ ድንጋይ ላይ ተቀርጻ ተገኘች።

በ1922 እ.ኤ.አ. ደብሊን ውስጥ መዝገብ ቤቱ የነበረበት የፍርድ ቤቶች ግቢ፣ ፎር ኮርትስ፣ ሲቃጠል ብዙ መዝገብ ወድሟል። የ1901 እና የ1911 ቆጠራዎች ግን በአየርላንድ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ድረ ገጽ በነፃ ይታያሉ። ለቀደመው ዘመን ከ1847 እስከ 1864 የተሠራው የግሪፊዝ የንብረት ግምት አለ፤ መሬት የያዘውን ሰው በስም ይጠራል።

የካቶሊክ የጥምቀት መዝገብ ከብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ድረ ገጽ በነፃ ይገኛል። ብዙው በላቲን ነው፤ ጆን "ዮአኔስ" ሆኖ ይመጣል። ለእኛ ይቀለናል! "ኦ"ዋ አንዴ አለች፣ አንዴ የለችም፤ ሱሊቫንም ኦሱሊቫንም ብላችሁ ሞክሩ። እናትየው ብዙ ጊዜ በአባቷ ቤት ስም ስለምትጻፍ፣ ሁለት ጆኖች ሲምታቱባችሁ እሷን እዩ። እኔን ያወጣችኝ እሷ ናት።

ባለቤቴ አሁን አምስት ቤት ደርሷል።