ልጆችን ሐይቅ ዳር ወስዶ ወንጌል ማስተማር

ሐዋሳ ላይ ክረምት ገባ ማለት ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ልጆች ሰፈር ለሰፈር መዋል ጀመሩ ማለት ነው። የልጆች ካምፕ የሚታሰበውም ያኔ ነው። እኔ በዚህ አገልግሎት ውስጥ ዓመታት ቆይቻለሁ። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ልጆች ይዛችሁ ልትወጡ ያሰባችሁ ካላችሁ ይሄን የምጽፈው ለእናንተ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላይ እንግባባ። ካምፕ የእሁድ ትምህርት ሦስት ቀን ሲረዝም ማለት አይደለም። ዘዳግም 6፥7 ላይ ስለ እግዚአብሔር ቃል «ለልጆችህም አስተምረው፥ በቤትህም ስትቀመጥ፥ በመንገድም ስትሄድ፥ ስትተኛም፥ ስትነሣም ተጫወተው» ይላል። «ተጫወተው» የሚለውን ቃል እዩልኝ። እሁድ እሁድ ልጁን የምናገኘው ለአንድ ሰዓት ነው፤ ያውም ተቀምጦ። ሲተኛና ሲነሣ፣ መንገድ ሲሄድ፣ ሲርበውና ሲያኮርፍ አብረነው የምንሆነው ካምፕ ላይ ነው። ስለዚህ ከሦስቱ ቀን ትልቁን ትምህርት የሚሰጠው መድረክ ላይ የቆመው ሰው አይደለም። ጫማው የጠፋበትን ልጅ ይዞ ግቢውን የሚዞረው መሪ ነው።

ለጀማሪ ሠላሳ፣ ቢበዛ አርባ ልጅ ይበቃል። ዕድሜያቸው ከ8 እስከ 12 ይሁን፤ ሦስት ቀን፣ ሁለት ሌሊት። ከዚያ በታች ያሉት ሲመሽ እናታቸውን ይፈልጋሉ፤ ለእነሱ ውለው ማታ ቤታቸው የሚገቡበትን ፕሮግራም ለብቻ አዘጋጁ። ለስድስት ልጅ አንድ መሪ መድቡ። ያ መሪ ከልጆቹ ጋር ይብላ፣ ከልጆቹ ጋር ይጫወት። መሪዎች ለብቻቸው ጥግ ይዘው ሻይ የሚጠጡበት ካምፕ አይቻለሁ፤ ልጆቹ ያን ሁሉ ሰዓት ማንም አላያቸውም።

ስለ ልጆች ደኅንነት የምለው ድርድር የለውም። አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን አይሁን። የመኝታ ክፍል ውስጥ ሁለት መሪ ይደር፤ ሴቶቹ ጋ ሴቶች፣ ወንዶቹ ጋ ወንዶች። ልጁ ሊያማክራችሁ ከፈለገ ሰው በሚያያችሁ ቦታ ዛፍ ሥር ተቀመጡ፤ ድምፃችሁ ባይሰማም መታየት አለባችሁ። «እኛ እኮ የእግዚአብሔር ሰዎች ነን፣ ይሄ ሁሉ ሕግ ለምን?» የሚል ወንድም አይጠፋም። መልሱ ቀላል ነው። እናት ልጇን አምና ሰጥታናለች፤ ሕጉን የምንጠብቀው ለእሷ ስንል ነው። ይሄን መቀበል የከበደው ሰው በሌላ አገልግሎት ያግዝ።

ቀን ስትመርጡ ፍልሰታን አስቡ። ከነሐሴ 1 እስከ 16 ነው። ካምፕ ላይ ከኦርቶዶክስ ቤት የሚመጡ ልጆች ይኖራሉ፤ የሰፈር ጓደኛ ወይም የክፍል ጓደኛ ይዟቸው ይመጣል። ፍልሰታን ደግሞ ልጆችም ይጾሙታል። አንድ ዓመት ይሄን ሳናስብ ቀን ቆረጥን። ምሳ እንቁላል በዳቦ ነበር። አንዲት ልጅ ሳህኗን ጭኗ ላይ አድርጋ ዝም ብላ ተቀመጠች። ምን ሆነሽ ስላት «አልራበኝም» አለች፤ ርቧት ነበር። ያቺን ልጅ ለሦስት ቀን በእናቷና በእኛ መካከል አስጨነቅናት። ከዚያ ወዲህ ወይ ሐምሌ መጨረሻ ላይ እናደርገዋለን፣ ወይ ፍልሰታ ሲፈታ።

ለወላጅ ደግሞ ምንም አትደብቁ። ማን እንደሆናችሁ፣ ምን እንደምታስተምሩ፣ የት እንደምታድሩ፣ ምን እንደምታበሉ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ አስፈርሙ። «ጨዋታ ነው» ብሎ ወስዶ ወንጌል ማስተማር ልጁን ገና ከመጀመሪያው ውሸት ማስተማር ነው። ወላጅ ካልፈቀደ ልጁ ይቅር። እዚያው ቅጽ ላይ የስልክ ቁጥር፣ ልጁ የማይስማማው ምግብ፣ የሚወስደው መድኃኒት ይጻፍበት።

ቦታ እንምረጥ። ክረምት ስለሆነ ዝናብ አለ። ድንኳን ያምራል፤ ሜዳው ጭቃ ሲሆን ግን ልጆቹ እርጥብ ፍራሽ ላይ ያድራሉ። አዳራሽና ሰፊ ግቢ ያለው ትምህርት ቤት ወይም ቤተ ክርስቲያን ይሻላል። አጎበር እንዳይረሳ፤ ሐዋሳ ነው ያላችሁት፣ ወባ አለ። የሚጠጣ ውሃ የፈላ ወይም የታሸገ ይሁን። ምግቡን አታክብዱት፤ ሽሮ፣ ድንች፣ ፓስታ፣ ጠዋት ዳቦ በሻይ፣ ከሰዓት ቆሎ። ልጅ የሚያማርረው ምግብ ሲዘገይ ነው።

ሐይቁ ጋ ውሰዷቸው፤ ውሃው ውስጥ ግን ማንም አይገባም። ጉማሬ አለ፣ ቢልሃርዝያም አለ። መዋኘት የሚችል ልጅ «እኔ እችላለሁ እኮ» ይላችኋል፤ እሱም አይገባም። ጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣል፣ ልጆቹም ይደክማቸዋል።

አሁን ወደ ትምህርቱ። በቀን አንድ ታሪክ። አንድ ብቻ። ጠዋት ትነግሯቸዋላችሁ፣ ቀን ትጫወቱታላችሁ፣ ማታ ስለ እሱ ታወራላችሁ። በሦስት ቀን ዘጠኝ ትምህርት ያስተማረ ካምፕ ልጆቹ ቤት ሲገቡ አንዱን እንኳ ማውራት ያቅታቸዋል። እኛ ሐዋሳ ላይ ያለንን እናውቃለን፦ ሐይቅ፣ ተራራና ዓሣ። ወንጌል ውስጥም እነዚሁ ሞልተዋል።

የመጀመሪያው ቀን የማርቆስ 4 ማዕበል ነው። አንድ ሰሌን አንጥፉና አሥራ ሦስት ልጅ አስቀምጡበት። ይጣበባሉ፤ ይጣበቡ፣ ጀልባ ነው። አንዱ ልጅ ኢየሱስን ሆኖ ትራስ ተንተርሶ ከኋላ ይተኛ፤ ማርቆስ ትራሱን ሳይቀር ጽፎታል። ዙሪያውን የቆሙት ልጆች ነፋስ ይሁኑ፣ እናንተ ደግሞ በጆግ ውሃ ይዛችሁ በእጃችሁ እርጩባቸው። ጩኸቱ ሲቀልጥ የተኛው ልጅ ተነሥቶ «ዝም በል፥ ፀጥ በል» ይበል፤ ሁሉም በአንዴ ዝም ይበሉ። ያቺን ዝምታ አትቸኩሉባት። እስከ አሥር ቁጠሩ። ከዚያ «ማታ ማታ ምን ያስፈራችኋል?» ብላችሁ ጠይቁ። «ጨለማ» ይላል አንዱ። ሌላው «አባዬ ሲመጣ» ሊል ይችላል። ይሄ ሲሆን ደንግጣችሁ ወደ ጥቅስ አትሩጡ። ስሙት፤ በኋላም የካምፑን ኃላፊ አማክሩ። ልጅን ቤቱ ውስጥ የሚጎዳው ነገር ካለ በጸሎት ብቻ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም፤ ሊረዳው ለሚችል አካል መድረስ አለበት።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት እዚሁ ሐዋሳ ያለውን የታቦር ተራራ ውጡ። ረጅም አይደለም፤ ለልጅ እግር ይሆናል። ሐይቁም ከተማውም ከላይ ይታያል። እዚያ ማቴዎስ 17ን ንገሯቸው፤ የኢየሱስ ፊት እንደ ፀሐይ ሲበራ፣ ጴጥሮስ ደግሞ ሦስት ዳስ እንሥራ ሲል። ሁልጊዜ «ኢየሱስ እዚህ ወጥቶ ነበር?» የሚል ልጅ ይኖራል። እውነቱን ንገሩት፦ አልወጣም፤ ያኛው ታቦር ገሊላ ነው፤ የተራራውንም ስም የነገረን የቤተ ክርስቲያን ትውፊት እንጂ ወንጌሉ ራሱ አይደለም። ልጅ አንዴ ያጋነናችሁት ነገር ላይ ከነቃባችሁ ትንሣኤንም ስትነግሩት ይጠራጠራችኋል። ቡሄ የሚጨፍር ልጅ ካለ ሆያ ሆዬ የሚባልበት ደብረ ታቦር ይሄው ታሪክ መሆኑን ንገሩት፤ ዓይኑ ሲበራ ታያላችሁ።

ሦስተኛው ቀን ላይ ትንሽ ልቆይ። ዮሐንስ 21 ነው። በጠዋት ሁለት ሰው ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ሂዱና ቆሮሶ ዓሣ ግዙ። እዚያው አጥንቱን ያወጡላችኋል፤ ለልጆች ነው በሏቸውና ደህና አድርገው ያውጡት፣ እናንተም ደግማችሁ በጣታችሁ ፈትሹት። ግቢው ውስጥ ከሰል አያይዙ፤ እሳቱ ጋ አዋቂ ይቁም። ልጆቹ ዙሪያውን ይቀመጡ። ታሪኩን ዓሣው እየተጠበሰ ንገሩ። ሌሊቱን ሙሉ ምንም አላጠመዱም። ሲነጋ አንድ ሰው ዳር ቆሞ ጠራቸው። መረቡ 153 ዓሣ ይዞ ወጣ። ልጆች ቁጥሩን ይወዱታል፤ «ማን ቆጠረው?» ይሏችኋል። ዳር ላይ የከሰል እሳት አለ፣ ዓሣም ተቀምጦበታል።

በዮሐንስ ወንጌል ውስጥ የከሰል እሳት ሁለት ቦታ አለ። አንዱ ይሄ ነው። ሌላው ምዕራፍ 18 ላይ፣ ጴጥሮስ እየሞቀ «አይደለሁም» ብሎ የካደበት፣ ዶሮም የጮኸበት። ይሄን ለልጆቹ አታብራሩላቸው። የምዕራፍ 18ን ታሪክ ከአንድ ቀን በፊት ማታ በአጭሩ ነግራችኋቸው እደሩ፤ ጠዋት ጭሱ ሲሸታቸው ብቻ ጠይቁ፦ «ጴጥሮስ ይሄ ሲሸተው ምን ትዝ ያለው ይመስላችኋል?»

አንድ ዓመት ይሄንኑ ጠየቅኩ። ሁሉም ዝም አሉ። ሦስት ቀን ሙሉ ብዙም ያልተናገረ አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከሰሉን እያየ «ዶሮው» አለ። ቆየት ብሎ ወደ እኔ ጠጋ አለና በሹክሹክታ «እኔም የእማዬን ብር ወስጄ አልወሰድኩም ብያለሁ» አለኝ። ብዙ ነገር ልለው አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ነገር ግን ኢየሱስ በዚያ ጠዋት ለጴጥሮስና ለጓደኞቹ ያለውን አስታወስኩ፤ «ለምን ካድከኝ?» አይደለም ያለው። «ኑ፥ ምሳ ብሉ» ነው። ዓሣ በዳቦ አድርጌ ሰጠሁት። በልቶ ሲጨርስ ስለ ብሩ አወራን፤ ለእናቱ እንዴት እንደሚነግራት አብረን አሰብን። ከዚያ አንድ መስመር የማይሞላ አጭር ጸሎት ጸለየ።

እንዲህ ያለ ነገር በፕሮግራም አይመጣም። ቦታ ግን ልትተዉለት ትችላላችሁ። ፕሮግራማችሁን አታጣብቡት፤ ከምሳ በኋላ አንድ ሰዓት ምንም ያልተያዘ ጊዜ ይኑር።

የመጨረሻውን ምሽት በተመለከተ እለምናችኋለሁ። መብራት አጥፍቶ፣ ኪቦርድ ለስለስ አድርጎ፣ ስለ ሲኦል አውርቶ «ጌታን የምትቀበሉ እጃችሁን አንሡ» ማለት ይቅርብን። ልጆች አጠገባቸው ያለው ስላነሣ ያነሣሉ፤ ስለፈሩም ያነሣሉ። እጅ ቆጥሮ ሪፖርት መጻፍ ይቀላል፣ ግን ልጁ ምን እንደወሰነ አያውቅም። በቀን ብርሃን፣ ረጋ ብላችሁ፣ ኢየሱስ እንደሚወዳቸው፣ ለኃጢአታቸው እንደሞተና እንደተነሣ ንገሯቸው። «ማውራት የምትፈልጉ መሪያችሁ ጋ ኑ» በሉ። የመጣውን ልጅ «በራስህ አነጋገር ንገረኝ» በሉት። ከተናገረው ላይ ተነሡ። ጥያቄ ብቻ ይዞ ከመጣም ጥያቄውን መልሳችሁ ላኩት፤ አትጎትቱት።

መዝሙር ላይ ብዙ የምለው የለኝም፤ ልጆቹ ከእናንተ በላይ ያውቃሉ። አዲስ ከሁለት በላይ አታስተምሩ፣ አንዱ በሲዳምኛ ይሁን። ከከተማው ዙሪያ የሚመጡ ልጆች አማርኛውን ትምህርት ቤት ነው የለመዱት፤ የሚጸልዩት ግን በእናታቸው ቋንቋ ነው። በየቡድኑ ቋንቋቸውን የሚሰማ አንድ መሪ ካለ ዝም ያለው ልጅ ያወራል። የቃል ጥቅስም አንድ ይብቃ፤ እየሮጡ፣ እየዘለሉ፣ ሰልፍ ይዘው ይበሉት።

ሌሊትም ትምህርት አለ። ከልጆቹ አንዱ ፍራሽ ላይ ይሸናል፤ ሁልጊዜ አንድ አይጠፋም። ትርፍ አንሶላና ሱሪ ያዙ። ጠዋት 11 ሰዓት ላይ ሌሎቹ ሳይነሡ አንሶላውን ቀይራችሁ፣ ልጁን አልብሳችሁ፣ ለማንም ሳትናገሩ አስተኙት። ያ ልጅ ስለ ምሕረት ከዚያ የሚበልጥ ስብከት አይሰማም። መሪዎችን ስታሠለጥኑ ከትምህርቱ እኩል ይሄን አሠልጥኑ።

ሲመለሱ ደግሞ ሥራው አላለቀም። መሪው የስድስቱን ልጆች ስም በደብተር ይያዝ፤ ማን ምን ጠየቀ፣ ማን ስለ ምን ጸለየ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ቤታቸው ይሂድ፤ አንድ ባጃጅ ይዞ በሁለት ከሰዓት ስድስቱንም ይጨርሳል። ከወላጅ ጋር ቡና ይጠጣ፣ ልጁ ካምፕ ላይ የሠራውን አንድ ጥሩ ነገር በስም ጠርቶ ይንገራቸው፤ ልጁ በምስጢር የነገረውን ግን ለልጁ ይተውለት። ወላጆቹ ከሌላ ቤተ እምነት ከሆኑ በአክብሮት ይቀመጥ፣ ልጃቸውን ስላመኑት ያመስግን። ያ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ቤት የሄድኩ ቀን በሩን የከፈተችልኝ እናቱ ነበረች። «ነገረኝ እኮ» አለችኝ፣ ገና ሳልቀመጥ።