ሆስት ሲደረግ የተበላሸው አማርኛ

እዚሁ ጅማ ኮዲንግ የጀመረ ልጅ በቴሌግራም ስክሪንሾት ላከልኝ። ሂርማታ ላለ ቡና ነጋዴ የሠራው ድረ ገጽ ነው። «ጋሼ፣ ላፕቶፔ ላይ ቆንጆ ነበር፤ ሆስት ሳደርገው፣ ኢንተርኔት ላይ ስጭነው፣ ተበላሸ» ይላል።

«ጅማ» የሚለው ቃል ስድስት እንግዳ ምልክት ሆኗል። በየፊደሉ ቦታ መጀመሪያ የምትመጣው አናቷ ላይ ጭረት ያለባት የላቲን ኤ ናት። እሷን ካያችሁ ፎንት በመቀያየር አትድከሙ።

ኮምፒውተር ፊደልን የሚያስቀምጠው ባይት በሚባሉ ቁጥሮች ነው፤ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው ኢንኮዲንግ (ፊደልን ወደ ባይት የመቀየሪያ ዘዴ) አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ብሮውዘሩ ኢንኮዲንጉን የሚነግረው ሲያጣ እያንዳንዱን ባይት ለብቻው እንደ ላቲን ያነበዋል። ላፕቶፑ ላይ ታዲያ ለምን ሠራ? ክሮም ከዲስክ የተከፈተን ፋይል ራሱ ገምቶ ያውቃል። ከሰርቨር ለመጣ ግን ያን ያህል አይጨነቅም።

መፍትሔው አንድ መስመር ነው። በገጹ ኮድ ከሄድ መክፈቻው (<head>) ሥር፣ ከታይትሉ በላይ፣ ኢንኮዲንጉን የምትናገረውን ሜታ ቻርሴት ዩቲኤፍ-8 ብለን አስገባን፦ <meta charset="utf-8">። ሪፍሬሽ ሲያደርገው ተስተካከለ። ቦታዋ ወሳኝ ነው፤ መስመሯ በመጀመሪያዎቹ 1024 ባይት ውስጥ መገኘት አለባት። በኮድ መጻፊያው በቪኤስ ኮድ ፋይሉ በዩቲኤፍ-8 ሴቭ መደረጉንም እዩ፣ ከታች በቀኝ በኩል ይጽፈዋል።

የደንበኛ ስም ዳታቤዝ ውስጥ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ከገባ ግን ሌላ ጣጣ ነው። የሰንጠረዡን ቻርሴት ማስተካከል ለወደፊቱ እንጂ ለጠፋው አይሠራም፤ ስሞቹን እንደ አዲስ ማስገባት ነው።